ደረቅ አፍና የሚለበልብ ምላስ፦ አንድ የሚመስሉ ሁለት ችግሮች

«አፌ ይደርቃል» እና «ምላሴን ይለበልበኛል» የሚሉት ቅሬታዎች ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። በዚህ የተነሳ ታማሚው፣ አንዳንዴም ሐኪሙ፣ እንደ አንድ ችግር ይይዛቸዋል፤ «ውሃ በብዛት ጠጣ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። የአፍ መድረቅ በአብዛኛው የምራቅ እጥረት ነው፤ ትልቁ ጉዳቱም የሚደርሰው ጥርስ ላይ ነው። የአፍ መቃጠል ግን ብዙ ጊዜ የነርቭ ጣጣ ነው፤ አፍ ሲመረመር ምንም አይታይም፣ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። ለአንዱ የሚታዘዝ መድኃኒት ሌላውን የሚያባብስበት ጊዜም ስላለ፣ ከሁሉ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ውሃ መጠጣት ለምን አይበቃም?

አዋቂ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ምራቅ ያመነጫል። አብዛኛው የሚመነጨው ከሦስት ጥንድ ትልልቅ ዕጢዎች ነው፦ አንዱ ጥንድ ከጆሮ ፊት፣ ሁለተኛው ከታችኛው መንጋጋ ሥር፣ ሦስተኛው ከምላስ በታች። በከንፈር፣ በጉንጭና በላንቃ ውስጥ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ተበትነው ይገኛሉ። እነዚህ የሚያወጡት ፈሳሽ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ዝልግልግ ነው፤ አፍን በማለስለስ ረገድ ጉልህ ድርሻ አለው።

ከምራቅ 99 በመቶው ውሃ ነው። ከቧንቧ ውሃ የሚለየው በቀሪው አንድ በመቶ ነው። በውስጡ ሙሲን የሚባል የሚያሟልጭ ፕሮቲን አለ፤ ምላስ ከላንቃ ጋር እንዳይጣበቅና ምግብ ሳይቧጥጥ እንዲወርድ የሚያደርገው እሱ ነው። አሲድን የሚያረግብ ባይካርቦኔት አለ። ከጥርስ ላይ የተሸረሸረውን የሚተኩ ካልሲየምና ፎስፌት አሉ። ባክቴሪያና ፈንገስ ከልክ በላይ እንዳይራቡ የሚገቱ ፕሮቲኖችም አሉ። ውሃ ሲጠጡ አፍ ይረጥባል፤ ነገር ግን ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ተመልሶ የሚደርቀውም ለዚህ ነው።

ጥርስ ላይ የሚሆነውን በቅርበት እንየው። ስኳር ያለበት ነገር ሲበላ በጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ የጥርስ ጠንካራ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜል፣ መሟሟት ይጀምራል። ጤናማ ምራቅ አሲዱን አጥቦና አርግቦ አፍን ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመልሰዋል። ምራቅ ሲያንስ አሲዱ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። የጥርስ ሥር ደግሞ ኢናሜል ስለሌለው ከዚያ በደከመ አሲድም ይሟሟል። ስለዚህ አፉ የደረቀ ሰው ጥርሱ የሚቦረቦረው ባልተለመደ ቦታ ነው፦ በድድ ዳር ዙሪያውን፣ በፊት ጥርሶች ጫፍ ላይ፣ ቀደም ሲል በተሞሉ ጥርሶች ጠርዝ ላይ። ለዓመታት ጥርሱ ደህና የነበረ አዋቂ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ በርካታ ቀዳዳዎች ከወጡበት፣ ሰውየው ስለ ድርቀት ባያማርርም የጥርስ ሐኪሙ ምራቁን መጠርጠር አለበት።

በእርግጥ ደርቋል ወይስ የደረቀ መስሎኝ ነው?

የመድረቅ ስሜት አንድ ነገር ነው፤ የምራቅ ማነስ ሌላ ነገር ነው። ስሜቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ መጠኑ ግን ይለካል። ጤናማ ሰው ምንም ሳያኝክ በደቂቃ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሊትር ገደማ ምራቅ ያመነጫል። ከ0.1 በታች ከሆነ በግልጽ አንሷል ማለት ነው። ሰው ድርቀት የሚሰማው ምራቁ ከለመደው መጠን በግማሽ ያህል ሲቀንስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ብዙ ምራቅ የነበረው ሰው መለኪያው «ደህና» እያለው አፉ ሊደርቅበት ይችላል።

መለካቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከዚያ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ምግብ፣ መጠጥ፣ ማስቲካ፣ ሲጋራና ጥርስ መቦረሽ ይቀራል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አንገትዎን ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉ፣ በአፍዎ ያለውን አንዴ ውጠው ሰዓት ይያዙ። ከዚያ ለ15 ደቂቃ ሳይውጡ ምራቁ በታችኛው ከንፈር በኩል ራሱ ወደ ትንሽ ብርጭቆ እንዲንጠባጠብ ይተዉት። አረፋው ከተቀመጠ በኋላ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ስበው መጠኑን ያንብቡ። በ15 ደቂቃ 1.5 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አነስተኛ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ምራቁን በኃይል እየመጠጡ ወይም ምላሳቸውን እያንቀሳቀሱ በመትፋት ነው፤ እንቅስቃሴው ራሱ ዕጢውን ስለሚቀሰቅስ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። አረፋውን እንደ ፈሳሽ መቁጠርም ያው ነው። የምራቅ መጠን በቀን ውስጥ ስለሚለዋወጥ ደግመው ከለኩ በዚያው ሰዓት ይሁን።

ሐኪም ደግሞ በዓይኑ የሚያያቸው ምልክቶች አሉ፦ የምርመራ መስተዋቱ ጉንጭ ላይ ይጣበቃል፣ ከምላስ ሥር የሚጠራቀም ምራቅ የለም፣ ያለውም አረፋ ወይም ክር የሚመስል ነው፣ ምላስ ይሰነጣጠቃል፣ የከንፈር ማዕዘን ይቆስላል። ደረቅ ነገር ያለ ውሃ መዋጥ ካቃተዎት ወይም ሌሊት ውሃ ፍለጋ የሚነሱ ከሆነ፣ እነዚህም ለሐኪሙ የሚነገሩ ናቸው።

ለምን ይደርቃል?

ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት መድኃኒት ነው። የምራቅ ዕጢ በራሱ ጊዜ አይሠራም፤ ከነርቭ ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ትእዛዙንም በዋናነት የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ነው። ብዙ መድኃኒቶች ይህ ኬሚካል ዕጢው ላይ እንዳያርፍ መንገዱን ይዘጋሉ። እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ለሚመጣበት ሰው የሚታዘዘው ኦክሲቡቲኒን፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች በዚህ ይታወቃሉ። ሞርፊንና መሰሎቹ የሕመም ማስታገሻዎች፣ የደም ግፊት መድኃኒቱ ክሎኒዲን፣ ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊት እንክብሎችም በሌላ መንገድ ያደርቃሉ። እያንዳንዳቸው ጥቂት ቢቀንሱም ሦስትና አራቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ ውጤቱ ይደራረባል። «ዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ድርቀትም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ አይደለም፤ አረጋውያን ብዙ መድኃኒት ስለሚወስዱ ነው።

መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይገባም። የሚሻለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዙትን ጨምሮ የሚወሰደውን ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ማሳየት ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ አሁንም የግድ ያስፈልጋል ወይ? መጠኑ ሊቀንስ ይችላል ወይ? እምብዛም በማያደርቅ ሊተካ ወይም የሚወሰድበት ሰዓት ሊለወጥ ይችላል ወይ? የመጨረሻው የሚጠየቀው በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ከሞላ ጎደል ስለሚቆም ነው፤ የሚያደርቅ መድኃኒት ለመኝታ ሲወሰድ በድርቀት ላይ ድርቀት ይሆናል።

ከመድኃኒት ቀጥሎ የሚታሰቡት እነዚህ ናቸው። ለጭንቅላትና ለአንገት ካንሰር የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ዕጢዎቹን ሊያቃጥልና ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። የስኳር በሽታ ሲሆን ጥሙ ከሽንት መብዛት ጋር ይመጣል። አፍንጫ ተዘግቶ በአፍ መተንፈስ በተለይ ጠዋት ያደርቃል፤ እዚህ ላይ መታከም ያለበት አፍንጫው ነው።

የሾግረን በሽታ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን የምራቅና የእንባ ዕጢዎች የሚያጠቃበት በሽታ ነው፤ ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው። አፍ ከመድረቁ ጋር ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁር ከሆነ፣ መገጣጠሚያ ካመመና ድካሙ ካልለቀቀ መመርመር ያስፈልጋል። ምርመራው የደም፣ የእንባ መጠን፣ አንዳንዴም ከታችኛው ከንፈር ውስጥ ጥቃቅን ዕጢዎችን ቆርጦ በአጉሊ መነጽር ማየትን ይጨምራል። በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ሊምፎማ የተባለው ካንሰር ከሌላው ሰው በበለጠ ስለሚታይ፣ በጆሮ ፊት ያለው ዕጢ አብጦ ሳይመለስ ከቀረ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም።

ምን ያስታግሳል? ምንስ ያባብሳል?

ውሃ በአንድ ጊዜ ከመጋት ይልቅ ጥቂት በጥቂት መጎንጨት ይሻላል፤ በተለይ ከምግብ ጋር። ዕጢው ጨርሶ ካልሞተ ማኘክ ይቀሰቅሰዋል፤ ስለዚህ ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ ይመረጣል ዛይሊቶል የተባለው የስኳር ምትክ ያለበት፣ ከምግብ በኋላ ማኘክ ጥሩ ነው። ዛይሊቶል ሲበዛ ሆድ ያላላል፤ ለውሻ ደግሞ መርዝ ስለሆነ ውሻ ያለበት ቤት ማስቲካውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ አለበት። ስኳር ያለው ከረሜላ ቀኑን ሙሉ መምጠጥ ግን የከፋ ስህተት ነው፤ ድርቀቱን ለማስታገስ ተብሎ ጥርሱ ይበላል። ሎሚና ሌላ ጎምዛዛ ነገርም ምራቅ ስለሚያመጣ ብዙዎች ይመክሩታል። የራሱ ጥርስ ላለው ሰው አይሆንም፤ የሚያረግበው ምራቅ በሌለበት አፍ ውስጥ አሲድ መጨመር ነው።

አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ያቃጥላል፣ ያደርቃልም። በምትኩ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ በቀን ጥቂት ጊዜ ተጉመጥምጦ መትፋት አሲዱን ያረግባል። የምራቅ ምትክ የሚባሉት ርጭቶችና ጄሎች ዕጢውን አያክሙም፤ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ያለሰልሳሉ። ጄሉ ከርጭቱ ስለሚቆይ ለመኝታ የሚመቸው እሱ ነው፤ በምላስ፣ በድድና በጉንጭ ውስጥ በስሱ ይቀባል። ከመግዛት በፊት አሲድ ያለበት አለመሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ዕጢውን የሚቀሰቅስ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒትም አለ። የታወቀው ፓይሎካርፒን ነው፤ የተለመደው መጠን 5 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ሲሆን ለሾግረን በቀን አራት ጊዜ ይሰጣል። የሚሠራው የቀረ ጤናማ የዕጢ ክፍል ካለ ነው። ከጨረር በኋላ ለሚወስደው ሰው ውጤቱን ለመገመት እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ በሁለት ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መተው የተለመደ ጥድፊያ ነው። ላብ ያበዛል፣ ሽንት ያመላልሳል። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ አስም ላለበት ሰው እና ጠባብ ማዕዘን የሚባለው የግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ዓይነት ላለበት ሰው አይሰጥም።

ጥርስን እንዴት ማዳን ይቻላል?

ምራቅ ያነሰበት አፍ ከውጭ ፍሎራይድ ካላገኘ ጥርሱ መቦርቦሩ አይቀርም ብሎ መገመት ይሻላል። በገበያ የሚገኝ የጥርስ ሳሙና ብዙውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ አለው። በምራቅ ማነስ ጥርሳቸው ለሚቦረቦር አዋቂዎች ሐኪም 5,000 ፒፒኤም ያለውን ሊያዝ ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ ይቦረሻል፤ የማታው ለመኝታ ሲደርሱ፣ ከዚያ በኋላ ምግብም ከውሃ ሌላ መጠጥም ሳይኖር። አረፋው ይተፋል፣ አፍ ግን በውሃ አይታጠብም፤ ከታጠበ ፍሎራይዱ አብሮ ይሄዳል። ይህች አንዲት ልማድ ከብዙ ውድ ምርት ትበልጣለች። ስኳር በተመለከተ ከብዛቱ ይልቅ ድግግሞሹ ይጎዳል፤ ጣፋጭ ሻይ ለሦስት ሰዓት እየተጎነጩ መቆየት በአንድ ጊዜ ጠጥቶ ከመጨረስ የባሰ ነው።

የአፍ ፈንገስም በደረቅ አፍ ይመቸዋል። አንዳንዴ ሲጠረግ የሚነሳ ነጭ ነገር ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴ ግን ነጭ የለውም፣ ምላስ ወይም ላንቃ ቀልቶ ይለበልባል ብቻ። ድርቀትና ማቃጠል ከሚገናኙባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ኒስታቲን ፈሳሽ ብዙ ጊዜ በቀን አራት ጊዜ ይታዘዛል፤ ወዲያው ከመዋጥ አፍ ውስጥ በተቻለ መጠን አቆይቶ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ለ48 ሰዓት ይቀጥላል። በርካታ የኒስታቲን ፈሳሾች ስኳር እንዳለባቸው ልብ ይሏል። ማይኮናዞል የተባለው የአፍ ጄል ደግሞ ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው፤ ከባድ የደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው ማታ አውልቆ፣ ቦርሾ፣ በመድኃኒት ነክሮ ካላሳደረው ፈንገሱ ከጥርሱ ወደ አፍ እየተመለሰ ሕክምናው ዑደት ይሆናል።

ታዲያ አፍ ሲቃጠል ምንድን ነው?

በአፍ ውስጥ የሚታይ ቁስል ወይም ሌላ ምክንያት ሳይኖር፣ በየቀኑ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ማቃጠል «የአፍ መቃጠል ሲንድረም» ይባላል። በአብዛኛው የሚይዘው ካረጡ በኋላ ያሉ ሴቶችን ነው። ቦታው የምላስ ጫፍና ጎኖች፣ የላንቃ ፊት፣ የከንፈር ውስጥ ነው፤ በግራም በቀኝም እኩል። ጣዕም ይለወጣል፣ የብረት ወይም የመራራ ነገር ጣዕም አፍ ላይ ይቀራል። አፉም የደረቀ ይመስላል፤ ሲለካ ግን ብዙ ጊዜ ምራቁ ደህና ነው።

ሰዓቱ ብዙ ይናገራል። የብዙዎቹ ሕመም ጠዋት ቀለል ብሎ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይከርራል፤ ሲበሉ ወይም ሲያኝኩ ደግሞ ይታገሳል። ምግብ ሲነካው የሚብስ ከሆነ ፈንገስ፣ ቁስል ወይም የአፍ ውስጥ ገጽ መላጥ ይጠረጠራል። አንዳንድ ቀን መጥቶ አንዳንድ ቀን የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የሚነካውን ነገር መፈለግ ነው፦ ቀረፋ ያለበት የጥርስ ሳሙና ወይም ማስቲካ፣ አረፋ የሚያበዛው ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት፣ የሰው ሠራሽ ጥርስ ፕላስቲክ።

ሲንድረም ከመባሉ በፊት ሌላው ሁሉ መጣራት አለበት። የደም ምርመራው የደም ማነስን፣ ብረትን፣ ቫይታሚን ቢ12ን፣ ፎሌትን፣ ዚንክን፣ የስኳር መጠንንና የታይሮይድ ሆርሞንን ይይዛል። የፈንገስ ናሙና ይወሰዳል። የመድኃኒት ዝርዝር እንደገና ይታያል፤ ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪልና ሊሲኖፕሪልን የመሳሰሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ምላስ ያቃጥላሉ። ምላስን ከጥርስ ጋር የመግፋትና ጥርስ የመንከስ ልማድም ይጠየቃል፤ የምላሱ ዳር የጥርስ ቅርጽ ታትሞበት ከታየ ምልክት ነው። የብረት ወይም የቢ12 እጥረት ተገኝቶ ሲታከም ማቃጠሉ የሚጠፋላቸው አሉ፤ ምርመራው ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም።

ምንም ሳይታይ እንዴት ያማል?

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት ከታማሚዎች ምላስ ጥቃቅን ናሙናዎች ወስዶ ሲመረምር፣ ሕመምና ሙቀት የሚያስተላልፉት ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች ከጤናማ ሰዎች አንሰው ተገኝተዋል። የተጎዳ ነርቭ ዝም አይልም፤ ሌባ ሳይኖር ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጮህ ውሻ ያለ ምክንያት ምልክት ይልካል። አንጎል ያንን የሚረዳው «ተቃጠልኩ» ብሎ ነው። የጣዕም ነርቭ መድከምም አስተዋጽኦ እንዳለው ይታሰባል። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ያከርራሉ፣ ሕመሙም መልሶ ያስጨንቃል፤ ይህ ግን ሕመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ይህን በግልጽ መስማት ብቻ ብዙዎችን ያሳርፋል።

በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የማይጠረግ ነጭ ወይም ቀይ ቦታ፣ እብጠት፣ መደንዘዝ ወይም የመዋጥ ችግር ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በአስቸኳይ መታየት አለበት።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ከተሞከሩት ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ክሎናዜፓም የተባለው የሚጥል በሽታና የጭንቀት መድኃኒት ነው፤ የሚሰጥበት መንገድም ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት ታማሚዎቹ 1 ሚሊ ግራም እንክብል በሚያቃጥለው ቦታ አጠገብ አድርገው ለሦስት ደቂቃ ይመጡና ሳይውጡ ምራቁን ይተፉት ነበር፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ14 ቀን። ሕመማቸው መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል ከወሰዱት ይልቅ ቀንሷል። ቢተፋም ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል፤ እንቅልፍ ሊያመጣ፣ ሲቆይም ሊያስለምድ ይችላል። ስለዚህ በሐኪም ክትትል ብቻ ይወሰዳል፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው። አልፋ ሊፖይክ አሲድ የተባለው ተጨማሪ ንጥረ ነገር በብዛት ይሸጣል፤ የጥናቶቹ ውጤት ግን እርስ በርሱ የሚጋጭ ስለሆነ ቀዳሚ ምርጫ አይደለም። ሕመምን የመቋቋም የንግግር ሕክምና የሚረዳቸው ሰዎች አሉ።

አሚትሪፕቲሊን ለነርቭ ሕመም ስለሚጠቅም ለአፍ መቃጠልም ይታዘዛል። የምራቅ መጠኑ ሳይለካ ለደረቀ አፍ ከተሰጠ ግን ማቃጠሉን ሊያስታግስ ሞክሮ ድርቀቱን ያባብሳል፤ በወራት ውስጥ የጥርስ ሥር መቦርቦር ሊጀምር ይችላል። በተቃራኒው ምራቁ ደህና ለሆነና ምላሱ ብቻ ለሚለበልበው ሰው ፓይሎካርፒን ማዘዝ ላብ ከማብዛት ያለፈ ብዙም አይፈይድም።

እስከዚያው ቀዝቃዛ ውሃ መጎንጨት፣ የበረዶ ቁራጭ መምጠጥ፣ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌትና ቀረፋ በሌለበት የጥርስ ሳሙና መቀየር፣ የሚያቃጥል ቅመም፣ ጎምዛዛ መጠጥና አልኮል መቀነስ ያስታግሳል። የጥርስ ሳሙናው ለውጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይሰጠው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፣ አለበለዚያ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የመድኃኒት ዝርዝሩን፣ የምራቅ ልኬቱን ቁጥር፣ የሚጠቀሙበትን የጥርስ ሳሙና፣ እንዲሁም ለአንድ ሳምንት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 የመዘገቡበትን ወረቀት ይያዙ።